ጂማት ወይስ ጂአርኢ? የጅማ አድማጮች ጥያቄና መልስ

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) መማር እፈልጋለሁ። ግማሹ ጓደኛዬ ጂማት ተፈተን ይለኛል፣ ግማሹ ጂአርኢ። የቱ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ጂማትም ጂአርኢም የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ የሚጠይቋቸው የመግቢያ ፈተናዎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የት መማር እንደምትፈልግ ወስን። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ወይም አዲስ አበባ ከሆነ የሚጠብቅህ የአገር ውስጡ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው፤ ጋት የምንለው። ለዚያ ዶላር ማፈላለግ አያስፈልግህም።

ውጭ ካሰብክ አብዛኞቹ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ። እንግዲህ የተሻለ ውጤት የምታመጣበትን መፈለግ ነው። ጂማት ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ሒሳቡ ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ ጂኦሜትሪም የለም። አንዱ ክፍል ሠንጠረዥና ግራፍ ያቀርብልሃል፤ «ይህ መረጃ ለመልሱ ይበቃል ወይ?» ብሎም ይጠይቅሃል። አንተ የተበዳሪውን የሒሳብ መግለጫ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ በየቀኑ የምትጠይቀው ይህንኑ አይደል? እኔ ለአንተ ወደ ጂማት አደላለሁ።

ጂአርኢ 2 ሰዓት አይሞላም። ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ አለ፤ ጂኦሜትሪ ግን አለው፣ የ30 ደቂቃ ጽሑፍም ያስጽፋል። ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ይበዙበታል። ጥቅሙ፣ ሐሳብህን ቀይረህ ኢኮኖሚክስ ልማር ብትል እዚያም ያገለግልሃል።

የእኔን ግምት ብቻ ይዘህ ግን አትክፈል። ሁለቱም ድረ ገጻቸው ላይ ነፃ የመለማመጃ ፈተና አላቸው። አንዱን በዚህ ቅዳሜ፣ ሌላውን በሚቀጥለው፣ ስልክህን አጥፍተህ፣ ሰዓት ይዘህ ሥራ። ውጤትህ ይነግርሃል። ዛሬ የምታመጣው ውጤት 5 ዓመት ስለሚያገለግል፣ ጥናት የለመደው አእምሮህ ሳይቀዘቅዝ ብትፈተን ደስ ይለኛል።

«ከባለቤቴ ጋር ቡና እንነግዳለን። 38 ዓመቴ ነው። አሁን ኤምቢኤ ብማር ይጠቅመኛል?»

እህቴ፣ ዕድሜዎ አይከለክልዎትም። የጎደለዎትን ይለዩ። ሒሳብ አያያዝ ብቻ ከሆነ አጭር ሥልጠና ይበቃዎታል፤ ሁለት ዓመት አያባክኑ። ድርጅቱን ለማስፋት፣ ሰው ቀጥረው ለማስተዳደር ካሰቡ ግን ይማሩ። የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ይፈልጉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ሲደርስ እርስዎ ከመጋዘን አይጠፉም፤ የትምህርቱ መጀመሪያም እዚያው ላይ ይወድቃል። ከመመዝገብዎ በፊት ለእነዚያ ወራት ማን እንደሚተካዎት ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ።

«ለጂአርኢ ስመዘገብ ስሜን እንደ ዲግሪዬ ነው ወይስ እንደ ፓስፖርቴ የምሞላው?»

እንደ ፓስፖርትህ፣ ፊደል በፊደል። ዲግሪው ላይ በአንድ «ኢ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት የተጻፈ ስም እኛ ዘንድ ብዙ ነው። ስሙ ካልገጠመ ከበር ሊመልሱህ ይችላሉ፤ የከፈልከውም ይቀራል። ፓስፖርትህን ከፊትህ አስቀምጠህ ሙላ።