ድምፃችን የውለታ መክፈያ አይደለም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣

ከሥራችሁና ከቤተሰባችሁ ጊዜ ቀንሳችሁ ጥሪያችንን ስላከበራችሁ በአዘጋጅ ኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ። በ2027 የሲያትል ከተማ ምክር ቤት ሰባቱም የዲስትሪክት መቀመጫዎች ለምርጫ ይቀርባሉ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዕጩዎቹ ወደ አዳራሻችን መምጣት ሳይጀምሩ እነርሱን በምን እንደምንመዝናቸው አስቀድመን እንድንነጋገር ነው የተሰበሰብነው። ማንን እንድትመርጡ አልነግራችሁም። እንደ እኛ ያለ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለዕጩ ድጋፍ እንዳይሰጥ ሕግ ይከለክለዋል፤ ባይከለክለው እንኳ እዚህ ከተቀመጡት መካከል ለራሱ ማሰብ የሚያቅተው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ምርጫ ሲቃረብ በየፖስታ ሳጥናችን የሚገባውን ወረቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዕጩው ሽርጥ ታጥቆ በምግብ ማደያ ቤት ቆሞ ይታያል፤ በሌላው ፎቶ ከሕፃናት ጋር ቆሻሻ ይለቅማል፤ የእኛን ሰፈር ድምፅ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ነጠላ ለብሶ በእንቁጣጣሽ በዓል ላይ ሲያጨበጭብ እናየዋለን። ከሥሩ «ማኅበረሰቡን ለረጅም ዓመታት ያገለገለ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ይህን የምለው ለማናናቅ አይደለም፤ በዓላችን ላይ ተገኝቶ እንጀራችንን የሚቀምስ እንግዳ ያስደስተናል። ጥያቄው ግን ሽርጡን የታጠቀው ለምርጫ መወዳደሩን ካስታወቀ በኋላ ነው ወይስ በፊት? እርሱ ከሄደ በኋላስ የጀመረው ነገር ቆመ ወይስ ቀጠለ? ለታይታ የተሠራና ከልብ የተሠራ አገልግሎት ፎቶው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ልዩነቱን ማወቅ የሚቻለው አብረውት የሠሩትን በመጠየቅ ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ የራሳችን ድካም አለብን። ባህላችን ውለታን አይረሳም። ወረቀት የሞላልን፣ ለልጃችን ሥራ የጠቆመን፣ በኀዘናችን ቀን ድንኳን ውስጥ አብሮን የተቀመጠ ሰው ሲወዳደር፣ ድምፅ መንፈግ ክህደት ይመስለናል። የእኔ አቋም ከዚህ የተለየ ነው፤ ድምፅ የውለታ መክፈያ አይደለም። ውለታን በምስጋና፣ በመጠያየቅ፣ ተራችን ሲደርስ እኛም በማገዝ እንከፍላለን። የዕጩው የኋላ አገልግሎት ለመራጩ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው የሌላ ሰው ገንዘብና ሥልጣን በእጁ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይነግረናል። ዕድራችንን አስቡት። ለጋሱን ሁሉ ገንዘብ ያዥ አድርገን አንመርጥም። የምንመርጠው ሒሳቡን በየስብሰባው ቆሞ የሚያነብበውን፣ ወዳጁ ከደንቡ ውጪ ሲጠይቀው «አይሆንም» ማለት የሚችለውን ነው። የምክር ቤት አባልም የሚያድለው የራሱን ሳይሆን የሕዝብ ግብር ነው።

የከተማችን ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1962 ለሲያትል ከተማ ምክር ቤት የተመረጠው ዊንግ ሉክ በልጅነቱ ከቻይና የመጣ ስደተኛ ነበር፤ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት በዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በሲቪል መብት ጉዳዮች ላይ ሠርቷል። በዚያን ጊዜ በዚህች ከተማ አንድ ባለቤት በቆዳ ቀለም ምክንያት ቤት አላከራይም፣ አልሸጥም ቢል የሚከለክለው የከተማ ሕግ አልነበረም። ይህን ለመለወጥ የቀረበውን ሐሳብ መራጩ ሕዝብ በ1964 በሰፊ ልዩነት ጣለው። ሉክ በ1965 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1967 ሳም ስሚዝ ለምክር ቤቱ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ፤ በሚያዝያ 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንታት ውስጥ፣ ምክር ቤቱ የቤት አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ አጸደቀ። እኛ ከመምጣታችን በፊት የተደረገ ነገር ነው፤ ሆኖም ዛሬ ከመካከላችን አንዱ ቤት ሊከራይ ሲሄድ አከራዩ ፊቱን አይቶ በሩን እንዳይዘጋበት ከሚጠብቁት ሕጎች አንዱ በዚያ ምክር ቤት በተሰጠ ድምፅ የወጣ ነው።

ከቅርቡ ደግሞ ሲያትል የምትገኝበትን የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት የ2019 ምርጫ አንሱ። ላሪ ጎሴት በ1968 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎችን ትግል ከመሩት አንዱ ነው፤ በኋላም ሴንትራል ዲስትሪክት በተባለው የሲያትል ሰፈር ድሆችን የሚረዳ ድርጅት ለዓመታት መርቶ ከ1993 ምርጫ ጀምሮ በካውንቲው ምክር ቤት ተቀምጧል። የተፎካከረው ግርማይ ዛሂላይ ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የተወለደ፣ በደቡብ ሲያትል በመንግሥት ቤቶች ያደገ፣ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች አርአያና አማካሪ የሚያገናኝ ድርጅት ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመ ወጣት ጠበቃ ነበር። ወጣቱ አሸነፈ፤ በ2025 ደግሞ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ተመረጠ። ይህን ያነሣሁት «የእኛ ልጅ» ብለን እንድንኮራ ብቻ አይደለም፤ መኩራቱስ አይከፋም። በዚያ ምርጫ ሁለቱም እውነተኛ አገልግሎት ይዘው ነበር የቀረቡት። ምርጫው በውለታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጎሴትን የሚያህል ውለታ የነበረው ሰው አልነበረም። መራጩ ግን «ከዚህ በኋላስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ለአንጋፋውም ቢሆን ይህን ጥያቄ ማቅረብ ንቀት አይደለም።

ስለዚህ ዕጩው በፊታችን ሲቆም የምክር ቤቱን ሥልጣን ማወቅ ይጠበቅብናል፤ የማያውቅ መራጭ የማይፈጸም ተስፋ ሲሰጠው ያጨበጭባል። የሲያትል ምክር ቤት ዘጠኝ አባላት አሉት፤ ሰባቱ ከየዲስትሪክቱ፣ ሁለቱ ከመላው ከተማ ይመረጣሉ። በጀቱን ያጸድቃል፤ የት ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚሠራ ይወስናል፤ ስለ ኪራይ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ መንገድ ሕግ ያወጣል። ትምህርት ቤቶቻችን ግን በተለየ ቦርድ ይመራሉ። አውቶቡሱ የካውንቲው ነው፤ ከተማው ተጨማሪ ምልልስ በገንዘብ ይገዛል እንጂ አያስተዳድረውም። እዚህ ያላችሁ የታክሲ አሽከርካሪዎች ደግሞ በይበልጥ ልብ በሉ፤ ኤርፖርቱ በከተማው ሳይሆን ፖርት ኦፍ ሲያትል በሚባል የተለየ የሕዝብ ተቋም ሥር ነው፤ እርሱም የራሱ አምስት ተመራጭ ኮሚሽነሮች አሉት። በኤርፖርት የሰልፍ ሥርዓትና ክፍያ ጉዳይ «እኔ እፈታላችኋለሁ» የሚል የከተማ ምክር ቤት ዕጩ ከመጣ፣ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ እኛ አናውቅም ብሎ አስቧል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እናንተው ፍረዱ።

በተቃራኒው ደግሞ ምክር ቤቱ በእርግጥ እጁ ያለበትን ጉዳይ መጠየቅ አለብን። መራጩ በ2023 ለሰባት ዓመት የሚሆን 970 ሚሊዮን ዶላር የቤቶች ግብር አጽድቋል። ይህ ገንዘብ ከንብረት ግብር የሚሰበሰብ፣ አቅም ላጡ ሰዎች መኖሪያ ለመሥራት የሚውል ነው። ዕጩውን «ድሆችን ትወዳለህ ወይ?» ብለን ብንጠይቀው አዎን ይላል። «ከዚህ ገንዘብ በደቡብ ሲያትል፣ በሬይነር ቫሊ ሦስትና አራት ልጆች ላሉት ቤተሰብ የሚበቃ ባለ ብዙ መኝታ ቤት እንዲሠራ በበጀት ውይይት ላይ ምን ታቀርባለህ?» ብለን ስንጠይቀው ግን በመልሱ ውስጥ ያለፈው አገልግሎቱ ያስተማረው ነገር ካለ ይታያል። ከአረጋውያን ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው ስለ ሊፍቱ፣ ስለ አስተርጓሚው፣ ስለ ማመልከቻ ቅጹ ሳንጠይቀው ይናገራል።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንጥለው ፖስታ ልምጣ። በምርጫ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከከተማው የሚላክ ፖስታ አለ፤ በውስጡ እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ አራት ወረቀቶች ይገኛሉ። ለዕጩ የምርጫ ዘመቻ የሚሰጡ የገንዘብ ኩፖኖች ናቸው፤ ዲሞክራሲ ቫውቸር ይባላሉ። ሕዝቡ በ2015 ያጸደቀው፣ በ2017 ሥራ የጀመረ አሠራር ነው። የምትደግፉትን ዕጩ ስም ትጽፉበታላችሁ፣ ቀኑን ሞልታችሁ ትፈርማላችሁ፣ ለዕጩው ወይም ለከተማው ትሰጣላችሁ፤ ከኪሳችሁ አንድ ሳንቲም አይወጣም። በየቤታችን ይህ መቶ ዶላር ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። በተለይ ደግሞ ዜግነት ያልወሰዳችሁ፣ ግሪን ካርድ ይዛችሁ በከተማው የምትኖሩና 18 ዓመት የሞላችሁ ስሙኝ፤ ድምፅ መስጠት ባትችሉም ቫውቸር ግን አመልክታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ባለፉት ምርጫዎች የዲስትሪክት ዕጩ ይህን ገንዘብ ለመጠቀም ቢያንስ 10 ዶላር የሚያዋጡ 150 ሰዎች ማግኘት ነበረበት። ሀብታም ወዳጆች የሌሉት፣ ነገር ግን በሰፈሩ የሚታወቅ ሰው መወዳደር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

«የእኛ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ለምትሉ፣ በ2015 የዲስትሪክት 1 መቀመጫ በ39 ድምፅ ልዩነት ነው የተወሰነው። በ2023 በእኛው በዲስትሪክት 2 ልዩነቱ 400 ያህል ነበር፤ ይህ ቁጥር በአንድ የፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከሚቆመው ሕዝብ ያነሰ ነው።

ስለ አሠራሩ በአጭሩ ልበል። በዋሽንግተን ግዛት የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ እስከ መኖሪያችሁ ድረስ ይመጣል፤ ለመመለስ ቴምብር አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ የቆሙ የድምፅ ሳጥኖችም አሉ። ፖስታው ላይ የምትፈርሙት ፊርማ ስትመዘገቡ ከፈረማችሁት ጋር ይመሳከራል። አንዳንድ እናቶቻችን አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚፈርሙ ድምፃቸው ሳይቆጠር ይቆያል። እንዲህ ሲሆን ከምርጫ ቢሮው ደብዳቤ ይመጣል፤ መልስ ከተሰጠበት ድምፁ ይቆጠራል፤ ልጆች፣ ይህን ደብዳቤ ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። ሌላው፣ ሕዝቡ በ2022 ባጸደቀው መሠረት በ2027 ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ወደ መጨረሻው ምርጫ የሚያልፉት ዕጩዎች በሚለዩበት ዙር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል እናስቀምጣለን፤ አንደኛ ምርጫችንን፣ ሁለተኛችንን እያልን። ከሁለት ጎረቤቶቻችሁ መካከል መምረጥ ላስጨነቃችሁ ይህ እፎይታ ይሆናል።

ዕጩዎቹን ስንጋብዝ ሁሉንም በእኩል እንጠራለን፤ ለእያንዳንዱ እኩል ደቂቃ እንሰጣለን፤ ጥያቄዎቹ በአማርኛ ይቀርባሉ፣ አስተርጓሚም ይኖራል። ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወጣቶቻችን ምዝገባችሁንና አድራሻችሁን ያረጋግጡላችኋል፤ በቅርቡ ቤት የቀየራችሁ ሳትነግሯቸው እንዳትወጡ። ባዶ ወረቀቶችም ተቀምጠዋል። ለዕጩዎቹ እንዲቀርብ የምትፈልጉትን ጥያቄ ጻፉና ለአስተናጋጆቹ ስጡ፤ ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ አንብቦ ከእናንተ ጋር ይመርጣል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።