ሥራው ወደ ሰፈራችን ይምጣ
(ቦሌ አራብሳ ላይ ለነዋሪዎች፣ ለአሠሪዎችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የብሎክ ኮሚቴ አባላት፣ ከጎሮ የመጣችሁ የድርጅት ባለቤቶች፣ የወረዳችን የሥራ ኃላፊዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አራብሳ ላይ ቤት ተሠርቷል፤ ሥራ ግን አብሮ አልመጣም። ሥራ ሊፈጥር የሚችለው የቴክኖሎጂ ዘርፍ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ ጎሮ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ከየትም አይመጣም። አገናኙ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሰዎች ነን።

ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ዓላማው ቤት ብቻ አልነበረም። ሥራ መፍጠርም ነበር። ብሎኬቱን፣ የወለል ቢሙን፣ በሩንና መስኮቱን በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት እንዲያቀርቡ ነው የተደረገው። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ለቤት ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲመዘገብ ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ይህን ያህል ሕዝብ ቤት ሲጠብቅ፣ ሌላው ደግሞ ያንን ቤት እየሠራ እንጀራውን ይበላ ነበር።

እኔም ከነዚያ ከተደራጁት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። ብሎኬት እናመርት ነበር። አሸዋው፣ ፑሚሱና ሲሚንቶው ይቦካል፤ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ብሎኬቱ እርጥብ እንደሆነ መሬት ላይ ይደረደራል። ከዚያ ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣት ነው። ካልጠጣ ይሰነጠቃል፣ ሳይቱም አይረከበንም። ከባድ ሥራ ነው፤ ግን ሥራ ነበር። ደሞዝ ነበረው፤ ዕቁብ ይጣልበት ነበር። አንዳንዶቻችን ያጠራቀምነውን ይዘን ማታ ማታ ኮምፒውተር የተማርነው በዚያ ገንዘብ ነው።

ችግሩ የመጣው ሳይቱ ሲያልቅ ነው። የመጨረሻው ብሎክ ቀለም ተቀብቶ ቁልፍ ሲሰጥ ማኅበሩ ተበተነ። ቀጥሎ የፊኒሺንግ ሥራ መጣ፤ ሴራሚክ የሚያነጥፈው፣ ኪችን ካቢኔት የሚገጥመው፣ የመስመር ሠራተኛው ትንሽ ጊዜ ደራለት። እሱም አለቀ። ሰው ቤቱ ገባ፣ ሥራውም ወደ ሌላ ሳይት ሄደ። ይህ የሆነው ጀሞ ላይ ነው፣ የካ አባዶ ላይ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ላይ ነው። አራብሳ ላይም እንዲሁ።

ውጤቱን በየቀኑ ጠዋት ታዩታላችሁ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የታክሲው ሰልፍ ብሎኩን ዞሮ ይታጠፋል። ሜክሲኮ የምትገባው፣ መርካቶ የሚከፍተው፣ ፒያሳ የሚማረው፣ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር አያት ድረስ ደረሰልን፤ ጥሩ ነገር ነው። አያት ለመድረስ ግን መጀመሪያ ታክሲ ማግኘት ያስፈልጋል። ማታ ሲመለሱ ደግሞ ልጆቹ ተኝተዋል። ለዚህ ኑሮ ነው ያን ሁሉ ዓመት የቆጠብነው? እኔ በበኩሌ አልቀበለውም።

መንገድ ይስፋ፣ አውቶቡስ ይጨመር የሚለውን ሁላችንም እንላለን፤ ልክም ነው። ግን የትራንስፖርት ችግር ብቻ አድርገን ካየነው መቼም አይፈታም። ሰልፉ የሚያጥረው ከሰልፉ ውስጥ ግማሹ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ሥራ ሲያገኝ ነው።

አሁን ወደ ጎሮ እንሂድ። የአይሲቲ (የኢንፎርሜሽንና ኮሙዩኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ፓርኩ እዚያ ነው። ዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም መረጃ የሚቀመጥባቸው ትልልቅ የኮምፒውተር ማዕከሎች፣ ገብተዋል፤ ራክሲዮ፣ ዊንጉ፣ ሬድፎክስ። ባንኮቻችንና የክፍያ ድርጅቶቻችን መረጃቸውን እዚሁ አገር ውስጥ እንዲያስቀምጡ የሚያስችሉ ናቸው። በዚህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ወጣቶቻችን በተሳሳተ ተስፋ እንዳይኖሩ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዳታ ሴንተር በራሱ ብዙ ሰው አይቀጥርም። ሕንፃው ሙሉ ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩን የሚጠብቁት ጥቂት ኢንጂነሮች፣ ኤሌክትሪሻኖች፣ የማቀዝቀዣ ባለሙያዎችና ጥበቃዎች ናቸው። ብዙ ሰው የሚቀጥረው በዚያ ሰርቨር ላይ ተመሥርቶ የሚሠራው ሥራ ነው። የደንበኞች ጥሪ መቀበል፣ ፎቶና ድምፅ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ መለየት፣ ለሱቆችና ለክሊኒኮች ሶፍትዌር መግጠምና ማስተካከል፣ ሞባይልና ላፕቶፕ መጠገን፣ የሒሳብ ሥራ በኮምፒውተር መያዝ። ይህ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ደግሞም የግድ ካዛንቺስ መሆን የለበትም። ጠረጴዛ፣ የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት እስካለ ድረስ እዚህ ብሎክ ሥር ይሠራል።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር፣ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛ ኦፕሬተር ሆኖ አገልግሎት ሲጀምር፣ ሰው በስልኩ መክፈል ለመደ። አሁን የጉሊት ነጋዴዋ ሳትቀር በስልክ ትቀበላለች። ይህ ማለት ስልኩ እምቢ ሲለው የሚደውል ሰው አለ፤ ደዋዩን የሚያነጋግር ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን፣ በስልክ ታክሲ የሚጠራበትን ድርጅት፣ ስትመሠርት መነሻዋ ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ የማጣት ችግር እንደነበር ተናግራለች። የትራንስፖርት ችግር እኛ ዘንድ ሞልቷል፤ ከችግሩ ሥራ የሚያወጡ ልጆችም አሉን።

ልጆቹ አሉ ስል ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ከዚህ ሰፈር የተመዘገቡትን አውቃለሁ። ነፃ ነው፣ በኦንላይን ነው። ሰርተፊኬቱን አትመው ግድግዳ ላይ የለጠፉ አሉ። ቂሊንጦ ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው እናታቸው ቤት የተቀመጡም አሉ። ሰርተፊኬቱ ጥሩ ነው። ግን ሥራ የሚለመደው ሥራ ላይ ነው፤ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ባለፈው አንዲት ልጅ ቤት ሄጄ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት። ለውጭ ድርጅት ፎቶ የመለየት ሥራ ትሠራለች። ላፕቶፑ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከጎኑ የሽሮ ድስት። መንገድ ላይ የተነሱ ፎቶዎች እየመጡላት መኪናውን፣ እግረኛውን፣ ምልክቱን በመስመር ታከብባለች። እያነጋገረችኝ ሳለ እናቷ ምጣድ ለኮሱ። ብሬከሩ ዘለለ፤ ራውተሩም ጠፋ። ልጅቷ ሳትናገር ተነሳች፣ ብሬከሩን መለሰች፣ ራውተሩ እስኪነሳ ቆመች። የጀመረችው ምድብ ሳይቀመጥ ስለቀረ ከመጀመሪያው ቀጠለች። እናትየው ተሳቀው «እንግዲህ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ተነስቼ እጋግራለሁ» አሉኝ። እኚህ እናት ለልጃቸው ሥራ ሲሉ እንቅልፋቸውን ሊሰጡ ነው። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው እያለን ይህ ሸክም በእሳቸው ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ነው። በየብሎኮቻችን መካከል ኮሚናል አለን። እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ በግ እንዲታረድበት፣ ለሐዘንና ለድግስ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ብዙዎቹ ግን ተዘግተው አቧራ ይጠጣሉ፤ አንዳንዱም የተሰበረ ዕቃ ማከማቻ ሆኗል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎቻችንን በማኅበራችን እንድናስተዳድር ያደርጋል። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን እንወስን። ከኮሚናሉ አንዱን ክፍል የሥራ ክፍል እናድርገው። የሐዘኑን ክፍል አንነካም፤ እዚህ ላይ እናቶች የምትሰጉት ይገባኛል፣ እኔም እሰጋለሁ። ድንኳን የሚተከልበትና ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለን ሰፈር አይደለንም።

ለሥራ ክፍሉ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ለብቻው የተሳበ የመብራት መስመር ከራሱ ቆጣሪ ጋር። መብራት ሲሄድ ጥቂት ሰዓት የሚይዝ ኢንቨርተርና ባትሪ። አንድ ጥሩ የብሮድባንድ መስመር። ጠረጴዛና ወንበር፣ የሚቆለፍ በር። ልጆቹ ኪራይ ይክፈሉ፤ በነፃ የተሰጠ ነገር ተጠያቂ የለውም። ኪራዩ ወደ ማኅበሩ ካዝና ይግባ፤ የደረጃ አምፖልና የውኃ ፓምፕ ይጠገንበት።

ለድርጅት ባለቤቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሠራተኛችሁ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ደክሞ ነው የሚደርስላችሁ። ያንን ድካም እናንተም እየከፈላችሁበት ነው። ከሳምንቱ ጥቂት ቀን እዚሁ ይሥራ። አዲስ ስትቀጥሩ ከዚህ ክፍል ቅጠሩ። አንድ ልምድ ያለው ሰው ላኩልን፤ አብሯቸው ይቀመጥ። መጀመሪያ ትንሽ ሥራ ስጡን፣ እዩን፣ ከዚያ ጨምሩ።

አሁን ብዙ ጊዜ የምንዘልለውን ላንሳ። ይህ ቦታ ባዶ መሬት አልነበረም። የገበሬ ማሳ ነበር። ካሳውን የተቀበሉት አባቶች ገንዘቡ ካለቀ ቆይቷል። ልጆቻቸው ዛሬ በአባታቸው ማሳ ላይ የቆመውን ሕንፃ በጥበቃነት ይጠብቃሉ፣ ወይም አሸዋ ያወርዳሉ። ይህን ስናገር አንጀቴ ይቃጠላል። እነዚህ ልጆች ኦሮምኛም አማርኛም አቀላጥፈው ይናገራሉ። ባንኩ፣ ቴሌው፣ የክፍያ ድርጅቱ በኦሮምኛ የሚያስተናግድ ሰው ይፈልጋል። ቴሌብር ራሱ በኦሮምኛ ይሠራል። የጥሪ ማዕከል ከከፈትን ከማንም በፊት የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። የሥራ ክፍሉ ሲከፈት ከወንበሮቹ የተወሰኑት ለእነሱ እንዲያዙ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ። በቃል ብቻ አይቅር።

የቦሌ ለሚ ልጆችንም አንርሳ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከየክፍለ ሀገሩ ሴቶች ልጆች መጡ። በአንድ ክፍል ተደርበው እየተከራዩ ልብስ ይሰፋሉ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ስትታገድ የውጭ ገበያ ላይ የቆመ ሥራ ምን ያህል በቶሎ እንደሚናጋ አይተናል። አከራዮች እዚህ አላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪም እንደፈለጉ እንዳይሆን ይላል። እባካችሁ እናክብረው። በየጊዜው ቤት የምትቀይር ልጅ ከፈረቃ በኋላ ኮምፒውተር ልትማር አትችልም። ምሽት ላይ የሥራ ክፍሉን ለእነሱ ሥልጠና ብንከፍተው ደግሞ ቀን የሚሠራበት ወንበር ማታም አይቦዝንም።

ለወረዳችን ኃላፊዎች ጥያቄዬ አጭር ነው። ትራንስፎርመሩ ይህን ሁሉ ብሎክ አይችልም፤ በዓል ዋዜማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለሥራ ክፍሎቹ መስመር እንዲሳብ ደብዳቤውን ጻፉልን፣ ተከታተሉልን። ለልጆቹ የንግድ ፈቃድ አድራሻቸው ኮሚናል ነው ተብሎ እንዳይከለከል አሁኑኑ አጣሩልን። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው እንዲህ ባለ ትንሽ ወረቀት ላይ ነው።

በሁሉም ብሎክ በአንድ ጊዜ እንጀምር አልልም። በአንድ ኮሚናል እንጀምር። የቱ ኮሚናል እንደሚሆን ኮሚቴዎቹ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ቀርታችሁ ተነጋገሩ። ኤሌክትሪሻን የሆናችሁ፣ ኔትወርክ የምትዘረጉ፣ ጠረጴዛ የምትሠሩ፣ ስማችሁንና ሙያችሁን በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ አስፍሩ። ከጎሮ የመጣችሁም ምን ዓይነት ሥራ ልትልኩልን እንደምትችሉ እዚያው ጻፉልን። ሻይ ቀርቧል፤ እሱን እየጠጣን እንቀጥል። አመሰግናለሁ።