ስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም

እንደምን አረፈዳችሁ! የጎንደር ልጆች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ ቅዳሜን ከገበያ ቀንሳችሁ እዚህ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትጀምራላችሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ዳታ ታይፕ፣ ማለትም የመረጃ ዓይነት ነው። ቫሪያብል ስም የሰጣችሁት ዕቃ ነው፤ ታይፑ ደግሞ በውስጡ ምን እንደተቀመጠ ይነግራችኋል። በሞሰብ ውሃ አይቀዳም። ብዙ ጀማሪ ይህን ቶሎ ያልፈዋል። እኔም አልፌው ነበር።

አንድ ጊዜ ለአንድ ዕድር የአባላት መዝገብ ሠራሁ። ስልኩን በኢንቲጀር፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር አስቀመጥኩት። ቁጥር ነዋ! ሌሊት ሰው አርፎ ለአባላት ይደወል ሲባል መዝገቡን ከፈትን። ከፊት ያለው ዜሮ ከሁሉም ላይ ጠፍቷል። ለኢንቲጀር 0918 እና 918 አንድ ናቸውና። በዚያ ሐዘን መሐል ቁጭ ብለን ዜሮውን አንድ በአንድ በእጅ መለስን። ያ ሌሊት እስካሁን ይቆጨኛል።

ለመሆኑ ስልክ ከስልክ ጋር የሚደምር ሰው አለ? የለም። ስለዚህ ስልክ ስትሪንግ ነው፤ ጽሑፍ። የማይሰላ ነገር በአኃዝ ቢጻፍም ስትሪንግ አድርጉት።

ተቃራኒውም ያጋጥማችኋል። ፓይተን ከኪቦርድ የተቀበለውን ሁሉ በስትሪንግ ነው የሚያስረክባችሁ። 5 ኪሎ ጤፍና 3 ኪሎ ጤፍ አስገብታችሁ ወደ ቁጥር ሳትቀይሩ ከደመራችሁ፣ 53 ይላችኋል። ጎን ለጎን ገጠማቸው እንጂ አልደመራቸውም።

ነጥብ ያለው ቁጥር ፍሎት ይባላል። 0.1 እና 0.2 ደምሩ፤ 0.30000000000000004 ይመጣል። አትደንግጡ፣ ማሽኑ አልተበላሸም። እኛ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው፣ እሱም በ0 እና በ1 ብቻ ስለሚጽፍ 0.1ን በትክክል ማስቀመጥ አይችልም። የብር ሒሳብ ስትሠሩ ሁሉንም ወደ ሳንቲም ለውጡና በሙሉ ቁጥር ያዙት።

ቡሊያን ቀላል ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት። ስሙ የመጣው ከእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ከጆርጅ ቡል ነው።

አሁን የምወደው ጥያቄ። ከተማችንን አንዳንዱ «ጎንደር»፣ አንዳንዱ «ጐንደር» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ ለውጥ የለውም። ፓይተንን እኩል ናቸው ወይ ብትሉት ግን «ፎልስ»፣ ማለትም ሐሰት ይላል። ለእሱ ጎ እና ጐ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። በአንዱ የተመዘገበ ሰው በሌላው ሲፈለግ አይገኝም ማለት ነው። ይህን ችግር እኛ ካልፈታነው ማን መጥቶ ይፍታልን?

በሉ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ። ሁለቱን አጻጻፎች በሁለት ቫሪያብል አስቀምጡና አወዳድሩ። እየዞርኩ አያለሁ።