ቡናው ንጹሕ ነው፤ ማንኪያውስ?

ባለፈው የቀጥታ ስርጭታችን ስለ ግሉተን ከደወሉ አድማጮች የአራቱን ጥያቄ መርጠናል። መልሱን የሰጡት የሥነ ምግብ ባለሙያችን ናቸው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «ሴሊያክ የሚባል የአንጀት ሕመም አለብሽ ከተባልኩ ስድስት ወሬ ነው። ዳቦና ፓስታ እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ። ነገር ግን ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ጀበና ቡና በጠጣሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋል። ቡና ግሉተን አለው?»

የለውም፣ እህቴ። ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ፣ የሴሊያክ ሕመምተኛን አንጀት የሚጎዳ ፕሮቲን ነው፤ ቡና ደግሞ የዛፍ ፍሬ ነው። እኔ የምጠረጥረው የቡናውን ጎረቤት፣ ቆሎውን ነው። አንድ ቀን ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጡና የቡና አፍዪዋን እጅ ይከታተሉ። ለቡና ቁርስ የሚቀርበው የገብስ ቆሎ በየትኛው ምጣድ ተቆላ? ብዙ ጊዜ ቡናው በሚቆላበት በዚያው ብረት ምጣድ ነው። በመካከል በእራፊ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም። ቆሎ የዘገነው እጅ ደግሞ ሲኒውን አፉ ላይ ይዞ ያነሣል። ፈንዲሻ ብቻ የሚያቀርብ ቤት ቢያገኙ ይሻልዎታል፤ በቆሎ ግሉተን የለበትም።

ተፈጭቶ የሚሸጥ ርካሽ ቡና ላይም ይጠንቀቁ። ገብስ እስኪጠቁር ቆልቶ የሚቀላቅል ነጋዴ አይጠፋም፤ ከፈላ በኋላ ደግሞ በዓይን አይለይም። ጥሬውን ገዝተው ለቡና አፍዪዋ ይስጧትና ምጣዱን አጥባ ፊትዎ ትቁላልዎ። ደንበኛ ከሆኑ አትከፋም።

አንድ ምክር ልጨምር። «ግሉተን አለው ወይ?» ብለው አይጠይቁ። ቃሉን የማታውቅ አስተናጋጅ «ዛሬ አልቋል» ልትልዎት ትችላለች። «ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ የነካው ነገር አለ?» ይበሉ።

ከለገጣፎ፦ «በጾም የጾም ማኪያቶ እጠጣለሁ። ወተት ስለሌለው አያሰጋኝም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ?»

የሚወሰነው በወተቱ ቦታ በገባው ነገር ነው። የአኩሪ አተርና የኦቾሎኒ ወተት በተፈጥሯቸው ግሉተን የለባቸውም። የሚያሳስበኝ የአጃው ነው። የአጃ የራሱ ፕሮቲን አብዛኞቹን የሴሊያክ ሕመምተኞች አይጎዳም፤ ንጹሕ አጃ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ገበሬ ቤት ያደገ አድማጭ ያውቀዋል፦ አጃና ሲናር ሳይዘሩ በገብስ ማሳ ውስጥ ይበቅላሉ፣ አብረው ይታጨዳሉ፣ አብረው ይወቃሉ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ «ከግሉተን ነጻ» ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው። በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው እንግዲህ። ካርቶኑ ላይ «ከግሉተን ነጻ» ካልተጻፈ በስተቀር የአጃ ወተት ይቅርብዎ። አጥሚትም እንዲሁ፤ አጃና ገብስ ተደባልቀው የሚገቡበት ነውና።

በፍስክ ወቅት የሚጠጡት የላም ወተትም ግሉተን የለበትም። ሆኖም አንጀቱ ገና ያላገገመ ሰው የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለሚያቅተው ለጊዜው ሊነፋው ይችላል። ብዙዎች ይህን በግሉተን ያሳብባሉ።

ከሰበታ፦ «ትንሽ ካፌ አለኝ፤ ጁስና በሶም እንሸጣለን። አንዲት ደንበኛዬ ስንዴና ገብስ አይስማማኝም አለችኝ። ማሽኖቼን ሁሉ ልቀይር?»

አይቀይሩ፣ ወንድሜ። አንድ የብሌንደር ጆግ ብቻ ይግዙ። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ሲበጠበጥ ከምላጩ ሥር ያለው ጎማ ውስጥ ይገባል። ጆጉን ውኃ አስገብተው ቢያዞሩት እንኳ ጎማውን ነቅለው ካላጠቡት አይወጣም። እኔ ራሴ አንድ ቤት ጎማውን አስነቅዬ በጣቴ ጠረግሁት፤ ቡናማ ሊጥ መሳይ ነገር ወጣ። ከዚያ በኋላ የሚፈጨው አቮካዶ በሶ የቀመሰ አቮካዶ ነው። አዲሱን ጆግ በቀለም ምልክት ያድርጉበትና በሶ አያስነኩት።

የማሽኑን የእንፋሎት ቧንቧም አይርሱ። አጃ ወተት ያሞቀ ቧንቧ በዚያው እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ላም ወተት ውስጥ መግባት የለበትም። የኦቫልቲንና የሚሎ ማንኪያ ስኳር ዕቃ ውስጥ አይግባ፤ ሁለቱም የገብስ ብቅል አለባቸው። ማልት የሚባሉት ለስላሳ መጠጦችም ከብቅል ነው የሚሠሩት፤ አልኮል ስለሌላቸው ብቻ ለእርሷ አይሆኑም። ቀሪቦም ያው ነው። ተልባና ሱፍ ግን ይስማሟታል፤ የተቆሉበትን ምጣድና የተወቀጡበትን ሙቀጫ ብቻ ያጣሩ።

ከኮዬ ፈጬ፦ «ሆዴን ስለሚያመኝ በራሴ ስንዴ ካቆምኩ አንድ ወር ሆነኝ። አሁን ልመርመር?»

ያቆሙት ቀድመው ነው። የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት በግሉተን ላይ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተን ከቀረ ይህም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሕመሙ እያለብዎ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ምናልባት ለተወሰኑ ሳምንታት ዳቦ መብላት ጀምረው እንዲመጡ ያዝዝዎታል። እስከዚያው ማኪያቶዎን ከነኬክዎ ይጠጡ።