ማንም ሳያውቅ ማቆም

ሰላም ነው? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ ጠርቼ ነበር፣ ቀረ። ይሻላል መሰለኝ። ይሄን ነገር ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ ባወራው ግማሹን እውጠው ነበር።

ሲጋራ አጨስ ነበር። በቃ፣ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት። ካቆምኩ ደግሞ ሦስት ዓመት አለፈኝ። እኛ ቤት ግን መጀመሬንም ማቆሜንም የሚያውቅ ሰው የለም። ቢያንስ እስካለፈው እሁድ ድረስ እንደዛ ነበር የማስበው። እሱን እመጣበታለሁ።

ስለ ማቆም ያነበባችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ የመጀመሪያው ምክር ሁሌም አንድ ነው፦ ለሰው ተናገሩ። ለቤተሰብ፣ ለጓደኛ፣ አብሯችሁ ለሚሠራ ሰው። እሺ። እኔ ለማን ልንገር? «እማዬ፣ ሲጋራ ላቆም ነው» ለማለት እኮ መጀመሪያ «እማዬ፣ አጨሳለሁ» ማለት አለብኝ። ሴት ልጅ፣ ያውም እኛ ቤት! አያቴ ነፍሷን ይማረውና ትንባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው የምትል ሰው ነበረች። አፄ ዮሐንስ የሚያጨስ ሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብ ደግሞ አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር የሚባለውንም ስታወራ፣ እንዴት እንደምላችሁ፣ ትንሽ የናፈቃት ትመስላለች።

አባቴ ግን በግልጽ ያጨስ ነበር፣ በግልጽም አቆመ። እኔ ሰባት ዓመቴ ገደማ ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሆስፒታል ተኛ። አባቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለ፤ ልጄን ማርልኝ እንጂ ሁለተኛ አልነካትም አለ። ልጁ ዳነ። አባቴ ኪሱ ውስጥ የነበረችውን ኒያላ አውጥቶ ለሆስፒታሉ ዘበኛ ሰጠ፣ አለቀ። (ዘበኛው ከዛ በኋላ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።) ታኅሣሥ 19 ሄዶ ስለቱን አስገባ። መተርኮሻው እስከ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ አለ። ወፍራም መስታወት ነው፣ ጠርዙ ላይ ሲጋራ የሚጋደምበት አራት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። አሁን ቁልፍና ሳንቲም ይጣልበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩ ይወራል፣ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ይባላል፣ እኔ ሲኒ እያቀረብኩ እሰማለሁ።

እኔም እንደ አባቴ ሞከርኩ። አራት ጊዜ። ረጅሙ 11 ቀን ነው። በወደቅኩ ቁጥር «አየሽ፣ አንቺ ወኔ የለሽም» እያልኩ ራሴን እሰድባለሁ። ቆይቶ ነው ያነበብኩት፤ ያለ ምንም እርዳታ በአንድ ጊዜ ከሚያቆሙ 100 ሰዎች ውስጥ ከስድስት ወር፣ ከዓመት በኋላም እንዳቆሙ የሚገኙት ከ3 እስከ 5 ብቻ ናቸው። አባቴ ከአምስቱ አንዱ ነበር ማለት ነው። የዘጠና አምስቱ መተርኮሻ ላይ ቁልፍ ስላልተቀመጠ ታሪካቸውን ማንም አያወራላቸውም።

ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በመቀነስ ነው ያቆመው። ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5። አምስቷ ላይ ሁለት ዓመት ቆመ! ሚስቱ ስታረግዝ ነው እሷንም የጣላት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አለ፣ 697 አጫሾችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በአንድ ቀን፣ ግማሹን በመቀነስ ያስቆመ። ከአራት ሳምንት በኋላ በአንድ ጊዜ ካቆሙት 49 ከመቶው፣ ከቀነሱት 39 ከመቶው አላጨሱም። አባቴ ይሄን ቢሰማ ለወንድሜ ያነብለት ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን የኒኮቲን መድኃኒት (ያለ ጭስ ትንሽ ኒኮቲን እየሰጠ የሲጋራ አምሮትን የሚያስታግስ) ተሰጥቷቸው፣ ነርስ እያማከራቸው ነው። ያለ ነርስ፣ ያለ ምንም፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስለምታቆም ሴት አይደለም ጥናቱ።

መታጠቢያ ቤት ስል ቀልዴን አይደለም። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ማታ ሁሉም ሲተኛ በሩ ሥር ፎጣ እጠቀጥቃለሁ፣ ትንሿን መስኮት እከፍታለሁ፣ ሽንት ቤቱ ላይ ወጥቼ ጭሱን ወደ ውጭ። ከዛ ጣቶቼን በሎሚ እሻለሁ፣ ጥርሴን እቦርሻለሁ፣ ማስቲካ። ሱቅ ሄጄ ስገዛ ባለ ሱቁ «ለማን ነው?» ይለኛል። «ለወንድሜ።» ወንድሜ ካቆመ በኋላም ለወንድሜ ነው። ስለዚህ ሰፈር ትቼ ሥራ ቦታዬ አካባቢ ካለ ጀብሎ በነጠላ መግዛት ጀመርኩ። ፓኬት ይዤ ስለማላውቅ እዛ ላይ የሚለጠፈውን የሚያስፈራ ሥዕል እንኳን በደንብ አይቼው አላውቅም።

አንድ ጥሩ ሰበብ ነበረኝ። ልብሴ ሲሸት «ካፌው ውስጥ ሰው ሲያጨስ ነበር» እላለሁ። ከዛ በ2011 አዋጅ 1112 ወጣና ምግብ ቤት፣ ካፌ፣ ቢሮ፣ ጣሪያ ያለው የሕዝብ ቦታ ሁሉ ተከለከለ። ሰው ሁሉ ንጹሕ አየር አገኘ፣ እኔ ሰበቤን አጣሁ።

እና ምን አደረግኩ? ቡና። እጣን። ከሥራ እንደገባሁ ከሰሉን አቀጣጥላለሁ፣ እጣኑን እበትናለሁ፣ ቤቱ በጢስ ይሞላል፣ ማን ማንን ይሸታል? እማዬ ለጎረቤት «የእኔ ልጅ ባለሙያ ናት፣ ያለ ቡና አታመሽም» ትላለች። በሲጋራ ምክንያት ባለሙያ የተባልኩ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ያክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። የማጨሴን ነገር ከሚያውቁ ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ ናት፣ እሷም ታጨስ ነበር። እሷ በፓች ነው ያቆመችው፤ ክንድ ላይ ተለጥፎ ኒኮቲን በቆዳ የሚያስገባ ነገር ነው፣ መጀመሪያ 21 ሚሊግራም፣ ቀጥሎ 14፣ ከዛ 7። ስትመጣ ለእኔ የኒኮቲን ማስቲካ በሻንጣ ይዛልኝ መጣች። የማስቲካው ታሪክ ደስ ይላል በነገራችን ላይ። ሐሳቡ የተነሣው ከስዊድን ባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች ነው። ውኃ ውስጥ ማጨስ ስለማይችሉ ትንባሆ ያኝኩ ነበር፣ አንድ ኬሚስት ይሄን ሰምቶ ነው ወደ ማስቲካው የሄደው። ተዘግቶበት የተቀመጠ ሰው ነገር ይገባኛል።

ችግሩ እንዴት እንደሚታኘክ አላነበብኩም። ሁለት ሦስቴ ታኝኩታላችሁ፣ አፍ ሲያቃጥላችሁ ጉንጫችሁ ጋ ታሳርፉታላችሁ፣ እንደገና ታኝካላችሁ፣ እንደዛ ነው ሥርዓቱ። እኔ እንደ ባናና ማስቲካ! ያውም የዘመድ መልስ ላይ፣ ከአማቾቹ ጋ ተቀምጬ። ስቅ! ስቅ! ስቅ! ቁርጡ ፊቴ ቀርቧል፣ ያቅለሸልሸኛል። አንዲት እናት ውኃ እያቀበሉኝ «ኧረ ማን ነው እንዲህ የሚያነሳሽ? ባል ሊመጣ ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ማስቲካውን በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ሁለት ወርም አልነካሁት።

የመጨረሻው ጊዜ ግን እንዲህ ሆነ። አንድ ሰኞ አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው መብላት ቀረኝ። አልተኛም፣ በትንሽ ነገር አለቅሳለሁ፣ ደግሞ ሳል ጀመረኝ። ሳንባ ራሱን ማጽዳት ሲጀምር ያመጣዋል አሉ፤ ሲጋራ አጭሼ ያልሳልኩትን አቁሜ ሳልኩ። እማዬ ጉንፋን ነው ብላ ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ ያላመጣችው የለም። መነጫነጬ አልቆም ሲላት «ይሄስ ጉንፋን አይደለም» አለችና ሰባት ቀን ጸበል ይዛኝ ሄደች። ሌሊት 11 ሰዓት፣ ብርዱ፣ ነጠላዬ ረጥቦ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ። እኔ ለሱሱ ብዬ አልሄድኩም። ግን ከሁሉም የምትከብደኝ የጠዋቷ ሲጋራ ነበረች፣ ሰባት ጠዋት በተከታታይ እሷ የምትመጣበት ሰዓት ላይ እኔ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ እማዬ አጠገቤ ናት። ቀን ቀን ደግሞ ማስቲካውን፣ በሥርዓቱ።

ቡናውም ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ የሲጋራው ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ለካ የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገው ነበር። ሲጋራው ሲቆም ያው ሦስት ሲኒ ደም ውስጥ ይቆያል። እኔ እንደለመድኩት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እላለሁ። በረካን ተውኩ። ይሄን ማንም አይናገርም፣ እኛ አገር ለሚያቆም ሰው መጀመሪያ ሊነገር የሚገባው ነገር ነበር።

አሁን «በምን አቆምሽ?» ብትሉኝ አላውቅም። ማስቲካው ነው፣ ጸበሉ ነው፣ ፌጦው ነው፣ አምስተኛ ጊዜዬ መሆኑ ነው። ስለ አባቴ የሚወራው ዓይነት አንድ መስመር ታሪክ የለኝም። አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ፣ ልጅነት ነው፣ ግን ልናገረው። ወንድሜ ያቆመ ጊዜ እማዬ ዶሮ ሠራች፣ ሁሉም ጎበዝ አለው። እኔ አንድ ዓመት የሞላኝ ቀን ሥራ ቦታ ደረጃው ላይ ቆሜ ብቻዬን ማክያቶ ጠጣሁ።

ያለፈው እሁድ ቡና እያፈላሁ ነው። እጣን አላስነሳሁም፣ ካቆምኩ ወዲህ እምብዛም አላስነሳም፣ ጢሱ ራሱ ያስታውሰኛል። አባቴ ቴሌቪዥን ያያል። እማዬ አቦሉን ሳቀብላት፣ ቀና ሳትል፣

«ድሮ በጣም ታጨሺ ነበር» አለችኝ።

ሲኒው እጄ ላይ ቀረ።

«ምን?»

«እጣኑን ነዋ።» ተቀበለችኝ፣ ፉት አለች። «ተውሽው አይደል?»

«ተውኩት።»

«ጎበዝ» አለችኝ።