ሰላዩ አይስቅም

የተከበራችሁ ወላጆችና የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ ውድ የቴአትር ክበባችን ወጣቶች፤

እዚህ የካ አባዶ፣ በብሎኮቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ የልጆቻችሁን ሥራ ለማየት ስለተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የሚቀርበው አጭር ቴአትር የስለላ ፊልሞችን እያስመሰለ የሚያስቅ ፓሮዲ በመሆኑ፣ በልምምዱ ወራት ለወጣቶቹ ስደጋግመው የቆየሁትን አንድ ነገር ለእናንተም ላስረዳ እወዳለሁ። ይኸውም ሰላይ ሆኖ የሚያስቅ ተዋናይ ቢወድቅም ቢደናበርም እሱ ራሱ መሳቅ የለበትም የሚል ነው።

የመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጣ በኋላ፣ ሱፍ ለብሶ ሁሉ የሚሳካለት ሰላይ በየሲኒማ ቤቱ ታወቀ፤ ሁሉ የሚሳካለት ሰው ደግሞ ለኮሜዲ የተመቸ ነው። በ1965 ሜል ብሩክስና ባክ ሄንሪ የፈጠሩት «ጌት ስማርት» የተሰኘ የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ በጫማው ስልክ የሚደውል ሰላይ ይዞ መጣ። በዚያ ሥራ ውስጥ ምሥጢር እንዳይሰማባቸው በሰላዩና በአለቃው ላይ የሚወርድ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ክዳን አለ፤ ክዳኑ ሲወርድ ግን መደማመጥ የሚያቅታቸው ሁለቱ ራሳቸው ናቸው። የሚያስቀው የዕቃው ብልሽት ብቻ ሳይሆን፣ ሁለቱም ነገሩን እንደ አገር ጉዳይ አክብረው መያዛቸው ነው።

በ1980 የአውሮፕላን አደጋ ፊልሞችን ያፌዘው «ኤርፕሌን» ሲሠራ፣ አዘጋጆቹ ቀልዱን ሳይስቁ እንዲናገሩት ለዋና ዋና ገጸ ባሕርያት በቁም ነገር ድራማ የታወቁ ተዋንያንን መረጡ። አንዱ «ሚሽን ኢምፖሲብል» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የሰላዮች አለቃ የነበረው ፒተር ግሬቭስ ነው፤ ሌላው ሌስሊ ኒልሰን ሲሆን፣ እሱም በ1996 በ«ስፓይ ሃርድ» ሰላይ ሆኖ ተጫውቷል።

የመውደቅና የመላተም ቀልድም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1928 የድምፅ አልባ ፊልሞች ኮሜዲያኑ ባስተር ኪተን በሠራው ፊልም የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ በሙሉ ሲወድቅበት፣ እሱ ክፍቱ መስኮት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆሞ ይተርፋል። ግድግዳው የእውነት ነበር፤ የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ ባይለካ ኖሮ ሕይወቱ ያልፍ ነበር።

የእኛ ሰላይ ደግሞ ገመድ ላይ ከተሰጣ ጋቢ ጀርባ ተደብቆ፣ ውኃ የቀዱ እናትን ሲከታተል በጀሪካን ይደናቀፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይወድቅ ገና ይስቅ ስለነበር፣ ከጓደኞቹ በቀር የሚስቅለት አልነበረም። ስለዚህ እግሩ የሚያርፍበትን በጠመኔ አሰመርን፣ ፍራሽ አነጠፍን፣ ርምጃውን እያስቆጠርን ደጋግመን አሠራነው። ባለፈው ቅዳሜ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጥቁር መነጽሩን አስተካከለ፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «እማማ፣ ይህን ጀሪካን የላከው ማነው?» አለ። በአጠገባችን ልብስ ያጥቡ የነበሩ ጎረቤት በሳቅ ብዛት ሳፋቸውን ትተው ተቀመጡ፤ የእሱ ፊት ግን ንቅንቅ አላለም።

ያ ወጣት አሁን ከጋቢው ጀርባ ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ፣ መድረኩን ለእሱ እለቃለሁ።