በጀቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል

(በደብረ ማርቆስ ለአዲስ ተሿሚ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ከምሥራቅ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ጎጃም እንዲሁም ከአዊ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፣

በመጀመሪያ ሹመት ያዳብር! መንገዱ በዚህ ጊዜ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስንት ቦታ ወርዳችሁ፣ ስንት ቦታ ተፈትሻችሁ እንደመጣችሁ መገመት አያቅተኝም። እንኳን በሰላም ገባችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ ረዘም ይላል። አመራር፣ የሰው ኃይል አስተዳደርና በጀት ይላል። ሦስቱን በሦስት ከፍዬ ልናገር ብል ምሳ ሰዓት ያልፋል፤ እናንተም ታንቀላፋላችሁ። ደግሞም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብዬ አላምንም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ፋይናንስ ውስጥ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አዲስ ኃላፊ ቢሮ እንደገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት በጀት አለን?" ብሎ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ታመጣለታለች። ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው የሒሳብ መደብ 6231 ላይ ነው፤ ውሎ አበል። ቀጥሎ 6217 ላይ፤ ነዳጅ። ሁለቱም ትንሽ ናቸው። "በጀት የለንም እኮ!" ይልና ወረቀቱን ይመልሳል። ከሁሉም በላይ የተጻፈውን 6111ን፣ የቋሚ ሠራተኞችን ደመወዝ፣ አላየውም። ቢያየውም በጀት ብሎ አልቆጠረውም። እሱ "የሠራተኛው" ነው፤ በየወሩ በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ወረዳዎች ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘባቸውን ከክልል በጥቅል ድጎማ ሲቀበሉ ቆይተዋል። በአብዛኛው ወረዳ የመደበኛ በጀቱ ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ነው። መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ። ሥራ ማስኬጃ የምንለው ከዚያ የተረፈውን ነው። የበጀት ስሚ፣ ማለትም በጀቱ የሚደመጥበት ስብሰባ፣ ሲደረግ ግን ክርክሩ ሁሉ በተረፈው ላይ ነው። ለጥቂት በርሜል ነዳጅ ግማሽ ቀን እንነታረካለን። ትልቁ ገንዘብ አንድም ጥያቄ ሳይነሣበት ያልፋል።

እኔ የምለው ይህንን ነው። በጀታችሁ ካዝና ውስጥ የለም። በየቢሯችሁ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰውን በአግባቡ ያላሠራ ኃላፊ ትልቁን በጀቱን አባክኗል፤ ኦዲተር ባያገኝበትም።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ አንድ ባለሙያ ቀጠራችሁ እንበል። መንግሥት ለጡረታው 11 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ በወር 11,100፣ በዓመት 133,200 ብር ነው። ልጁ በ25 ዓመቱ ተቀጥሮ በ60 ዓመቱ ጡረታ ቢወጣ 35 ዓመት ያገለግላል። አንድ ሳንቲም ጭማሪ ባይደረግለት እንኳ 4,662,000 ብር ይሆናል። ይህ አበል፣ ሥልጠናና ጠረጴዛ ሳይጨመር ነው።

አሁን አንድ ሞተር ሳይክል እንግዛ። የፍላጎት መግለጫ ይቀርባል። ስፔሲፊኬሽን ይወጣል። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። የግዢ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ዕቃው ሲመጣ ባለሙያ ሞተሩን አስነሥቶ ካላየው የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ አይቆረጥም። ሰውየውንስ እንዴት ቀጠርነው? አንድ ከሰዓት ፈተና፣ አሥር ደቂቃ ቃለ መጠይቅ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ሁለት የስልክ ጥሪ። "የእገሌ ልጅ ነው፣ አደራ!" እንዲህ ያለው አደራ ለ35 ዓመት የሚከፈል መሆኑን ማን አስልቶት ያውቃል?

የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር ሕጉ ውስጥ ያለው ለዚህ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሥራውን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን የምናይበት ጊዜ ነው። በተግባር ግን ጊዜው ሲያልቅ ቅጹ ይመጣል፣ ኃላፊው ይፈርማል። ሠራተኛው የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ የማያውቅ ኃላፊ ሲፈርም አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው አይችልም ብሎ ማማረር ዋጋ የለውም።

የሥራ አፈጻጸም ምዘናውስ? የለውጥ ፕሮግራሞች ተከታትለው መጡ። ቢፒአር መጣ። ቢኤስሲ መጣ። ካይዘን መጣ። የለውጥ ሠራዊት ተባለ። የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባው፣ ጄኢጂ፣ ተከተለ። በየጊዜው ቅጹ ተቀየረ። ነጥቡ ግን አልተቀየረም፤ ሁሉም ሰው 95 ነው። ቢሮው በሰዓቱ አይከፈትም፣ ባለጉዳይ ይንገላታል፣ ሠራተኛው ሁሉ 95! ኃላፊው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ይገባኛል። ዝቅ ያለ ነጥብ የሰጠ ሰው ቅሬታ ይቀርብበታል፣ ይታማል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይኮረፋል። ትንሽ ከተማ ነው የምንኖረው። ግን በደንብ ለሠራና ላልሠራ እኩል ነጥብ ስትሰጡ፣ ለሠራው ሰው "ሞኝ ነህ" ማለታችሁ ነው።

አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ላሳያችሁ። ስሙን አልጠራም። የገበያ ቀን ነው። ክፍሉ ውስጥ አምስት ጠረጴዛ አለ። አራቱ ጋ ሰው የለም። በአምስተኛው ጠረጴዛ ፊት ግን ሰልፉ በበሩ ወጥቶ ኮሪደሩን ይዟል። እዚያ የተቀመጠችው አንዲት ልጅ ናት። ማኅደር ታወጣለች፣ ካርታ ታያለች፣ "አባባ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?" ትላለች። ጉልበታቸው የደከመ አባት ቢመጡ ከወንበሯ ተነሥታ ታስቀምጣቸዋለች። ገበሬዎቹ በሩ ላይ ሲገናኙ የሚጠያየቁት "ልጅቷ አለች?" ብለው ነው። "የለችም" ከተባለ ወደ ገበያቸው ይመለሳሉ። የአራቱን ስም የሚያውቅ የለም።

ኃላፊዋ ታዲያ ምን አደረገላት? ስለሚያምናት የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ውስጥ አስገባት። ቀጥሎ የግዢ ኮሚቴ። ቀጥሎ ደግሞ ለዞን የሚላከውን ሪፖርት እንድትጽፍ ሰጣት። እሷ ስብሰባ ስትገባ ሰልፉ ቆሞ ይጠብቃል። ብርቱውን በሬ ብቻ እየጠመዱ ማረስ ይሉታል ይህን። በመጨረሻ ባንክ ተወዳድራ አለፈችና ሄደች። እሰይ፣ ደግ አደረገች! ወረዳው ግን ያጣት በደመወዝ ብቻ መስሎት "ምን እናድርግ፣ ባንክ ይከፍላል" አለ።

ደመወዝ መጨመር በእናንተ እጅ አይደለም። አውቃለሁ። የዛሬው ኑሮ ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው፤ ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ ያልቃል። በእጃችሁ ያለው ግን ትንሽ አይደለም። የመስክ አበል ሠራተኛው ሳይለምን በጊዜው መክፈል። ኮሚቴን ለሁሉም ማከፋፈል። ሥራ የማይነካውን ሰው ጠርቶ፣ በር ዘግቶ፣ ዓይኑን እያዩ መንገር። ለዚያች ልጅ ሥራዋን ለሌሎቹ እንድታስተምር ጊዜ መስጠትና አራቱ ጠረጴዛ ላይ ማኅደር ማስቀመጥ። ከእሑድ እስከ እሑድ ስብሰባ አለመጥራት። ስብሰባችን በዝቷል፣ እውነት ለመናገር። ገጠር ሄዳችሁ ስለ ወረዳ ብትጠይቁ የምትሰሙት "ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ሰኔ እንሂድ።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ጎጃም ውስጥ ሐምሌ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ጮቄ በደመና ይሸፈናል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ጥቁሩ አፈር መኪናም በቅሎም ይይዛል። በጀቱ ሲጸድቅ ግንባታ የሚባል ነገር አይታሰብም። መልካም። ግን በዚያ ክረምት ቢሮ ተቀምጠን ምን እንሠራለን? ብዙ ጊዜ ምንም። መስከረም በበዓል ያልፋል። ጥቅምት ዕቅድ ክለሳ ነው። ዲዛይኑ ሲታይ ኅዳር ገባ። ጨረታው ሲወጣ ታኅሣሥ ተጋመሰ። አንዱ ተጫራች ቅሬታ አቀረበ፤ ጥር አለቀ። ኮንትራክተሩ ድንጋይና አሸዋ ሲያራግፍ መጋቢት ነው። ግንቦት ላይ ሰማዩ ይጠቁራል። ከበጋው ስምንት ወር ውስጥ የሠራንበት ሁለቱን ነው።

ከዚያ ሰኔ ይመጣል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉም ይሯሯጣል። ፋይናንስ በር ላይ ያለውን ግፊያ የሠራበት ያውቀዋል። ወረቀት ይገዛል፣ ጎማ ይገዛል። አንድ ቁም ሣጥን ስከፍት ለሌለ ፕሪንተር የተገዛ ቶነር ተደርድሮ አይቻለሁ። ፕሪንተሩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ቶነሩ ግን በየሰኔው ይገዛል። ደረሰኙ የተሟላ ነው። ኦዲት ቢመጣ ምንም አይገኝም። ልጆች ግን ዳስ ውስጥ እየተማሩ ነው።

ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ዲዛይንና ስፔሲፊኬሽን የሚዘጋጀው ምክር ቤቱ በጀቱን እስኪያጸድቅ ተጠብቆ አይደለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሠራ። ክረምቱን የጨረታ ሰነድ እንጨርስ። መስቀል ካለፈ፣ መንገዱ ሲጠነክር፣ ኮንትራክተሩ ሥራ ላይ ይሁን። ገበሬው ማሳውን ዝናብ ሳይመጣ አርሶ ነው የሚጠብቀው። እኛ ግን ዝናቡ ሲጥል ነው ሞፈር የምንፈልገው። እዚህም ላይ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሰው ነው። የግዢ ባለሙያውን በኅዳር ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ካዛወራችሁት፣ አይቤክስ በተባለው የበጀትና የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የሠለጠነችውን ልጅ በሚያዝያ ለዘመቻ ከላካችኋት፣ የግዢ ዕቅዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ዝውውርና ድልድል ካለ በሐምሌ ይለቅ። በውክልና ዓመት የሚሞላው ወንበርም እንዲሁ። ተወካይ ተብሎ የተቀመጠ ሰው አይወስንም፤ ይፈራል። ባለጉዳዩ ነው የሚከፍለው።

ስለ ሕዝቡ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። አገሩ ጎጃም ነው፤ ታሪኩን ሳናውቅ ግብር እንሰብስብ ብንል አያዋጣም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ እምቢ አለ። ሞጣ ላይ፣ ዳሞት ላይ፣ ሌላም ቦታ ተነሣ። ግምት የሚያወጡት ሰዎች ቀላድ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ይዘው ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ፈራ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ፣ መንግሥትም ወደኋላ አለ። ግብሩ ስለከበደ ብቻ ነበር ብዬ አላስብም። የሚለካውን ሰው ስላላመነ ነው።

ያው መሬት፣ ያው ፍርሃት፣ በ1990ዎቹ እንደገና ተለካ። ያውም የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ቁስሉ ሳይደርቅ። ከመጀመሪያዎቹ የመሬት ምዝገባ ሙከራ ቦታዎች አንዱ እዚሁ ደብረ ማርቆስን የከበባት ጎዛምን ወረዳ ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ገበሬው የራሱን ኮሚቴ መረጠ። ኮሚቴው ወሰን ላይ ሲቆም ጎረቤት አብሮ ቆመ፤ "እዚህ ድረስ የእሱ ነው" አለ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ሰፈረ። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ሙስናም አልጠፋበትም። ግን ገበሬው ገመድ የያዘውን ሰው አላባረረም።

ስለዚህ የወረዳችሁን በጀት ለሕዝብ ስትለጥፉ በተቆለፈ መስታወት ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል አትለጥፉት። የቀበሌ ስብሰባ ላይ በአፍ ንገሩት። ይህን ያህል መጣ፣ ይህን ያህሉ ደመወዝ ነው፣ ደመወዙ የእነዚህ ሰዎች ነው፣ ሥራቸው ይህ ነው በሉ። ገበሬው ለትምህርት ቤቱ ያዋጣው ብር፣ በየበጋው ለእርከን ሥራ ያፈሰሰው ጉልበት አብሮ ይጻፍ። "ልጅቷ አለች?" የሚለው ያ ገበሬ ማን እንደሚሠራና ማን እንደማይሠራ ከምዘና ቅጻችን በተሻለ ያውቃል። ጠይቁት።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚባለውን ሰምታችሁ ነው ያደጋችሁት። እኔም። ይህን ተረት ለልጆቻችሁ አትንገሩ።

ከሰዓት በኋላ በቡድን ትሠራላችሁ። እያንዳንዳችሁ የጽሕፈት ቤታችሁን የሰኔ ወር ፔይሮል፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ እንድትይዙ ተነግሯችኋል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሰውየው የሚሠራውን በአንድ መስመር ጻፉ። መጻፍ ያቃታችሁን ስም ክበቡት። ከዚያ የግዢ ዕቅዱን አውጡና ማን የትኛውን በየትኛው ወር እንደሚጨርስ ሙሉ። ፔይሮሉን የረሳ ካለ አሁኑኑ ለፋይናንስ ይደውል፤ በቴሌግራም ይልኩለታል። ቅጹ በሩ ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ አለ።

አመሰግናለሁ።